ቀዝቃዛው ጎን

«አበደች እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የፈለጋችሁትን በሉ... እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ውጪ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሲሄድ ቤቱንና እባቡን ለእኔ ትቶ ሄደ። እባቡን «ሰነፉ» ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አይልማ። የሚኖረው መስኮት በሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው።

«እቴ፣ አትፍሪው፣ አይናከስም። ሙቀቱን ብቻ ጠብቂለት» ብሎኝ ነበር። «በማሞቂያው አምፖል በኩል ሠላሳ ሁለት ዲግሪ፣ በቀዝቃዛው ጎን ሃያ አምስት። እባብ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሲበርደው ሙቀት ወዳለበት ይሄዳል።»

በሁለቱም ጎን በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ተለጥፏል።

የዚያን ቀን መብራት ጠፋ። እባቡ እንዳይበርደው ልየው ብዬ ገባሁ...

በሩ ከኋላዬ ጓ! ብሎ ተዘጋ።

እጀታውን ስስበው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

በስልኬ እያበራሁ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ጋሼ... በሩ ተዘጋብኝ።» ለምን እንዳንሾካሾክኩ እንጃ።

«አይዞሽ። የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ጎረቤቴ አናጺው ጋ አለ፤ አሁኑኑ እልከዋለሁ። ሰነፉስ?»

መለኪያዎቹን አየሁ። በአምፖሉ በኩል ሃያ ዘጠኝ። እየወረደ ነው።

በቀዝቃዛው ጎን... ሠላሳ አንድ።

«ጋሼ፣ ቀዝቃዛው ጎን እየሞቀ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ? መብራት ከሌለ ሁለቱም ነው የሚቀዘቅዙት።»

«እየሞቀ ነው እልሃለሁ! ሠላሳ አራት... ሠላሳ ስድስት...»

ሠላሳ ሰባት ላይ ቀጥ አለ።

የወንድሜ ድምፅ ቀጠነ።

«እቴ... ያ የሰው ገላ ሙቀት ነው።»

«እዚያ ምን አስቀምጠህ ነው?»

«ምንም! አሸዋ ብቻ ነው ያለው።»

እውነቱን ነው። አሸዋ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ሰነፉ ተንቀሳቀሰ።

አንገቱን ቀና አድርጎ... ወደ ቀዝቃዛው ጎን... ቀስ... ቀስ...

ጀርባዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ክፍሏ ከአንድ አልጋ አትሰፋም፤ ወዴት ይሸሻል? ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደበላለቅኩት።

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ ሲከፈት አናጺው ላይ ተደገፍኩ።

«አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ...»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሳጥኑን እያየ ነው።

«ምን... ይዞ ነው?» አለኝ።

ዞርኩ።

ሰነፉ አሸዋው ላይ አልተኛም። ቀለበት በቀለበት ላይ ተደራርቦ፣ እንደ በርሜል ቀጥ ብሎ ተጠምጥሟል። መሐሉ ባዶ ነው።

ቀለበቶቹ ቀስ ብለው ሰፉ... ጠበቡ።

ሰፉ... ጠበቡ።

እንደ ተኛ ሰው ደረት።