አፍ ሙሉ ቂም

ሙጅተባ ለሁለተኛ ጊዜ ሽማግሌ ሲልክ ሩፈይዳ እሺ አለች። ቤተሰቡ በደስታ እልል አለ። እሺ ያለችው ልታዋርደው መሆኑን ግን ማንም አላወቀም።

መጀመሪያ የተገናኙት በክረምት፣ ወደ ሱዳኗ ከተማ ወድ መደኒ የሚሄደው አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ ነው። የሩፈይዳን አንድ እግር ጫማ ጭቃው ዋጠው። አንድ ረጅም ወጣት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ጭቃው ውስጥ ከተተና ጫማ ይዞ ወጣ። የወንድ ጫማ ነበር።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለችው።

«እንግዲህ እዚህ ጭቃ ውስጥ አንድ ሰውዬም አለ ማለት ነው» አላት፤ እሷም በአንድ እግሯ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሙጅተባ በአካባቢው የጥጥ እርሻ የውሃ መሳቢያ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር። እሷ ገና የተቀጠረች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ዓመት ሳይሞላቸው ታጩ። በዚያው ሰሞን ሩፈይዳ መክሳት ጀመረች። ደጃፍ ላይ ለመንገደኛ ከተቀመጠው ማሰሮ ውሃ እየቀዳች ብትጠጣ፣ ብትጠጣ ጥሟ አይቆርጥም። «የሙሽራ ጭንቀት ነው» አሏት። «ድካም ነው፣ ሠርጉ ሲያልፍ ይለቅሻል» አሏት። ሙጅተባ በተገናኙ ቁጥር ማስቲካ ያመጣላት ጀመር። በፍቅር የሚሰጣት መስሏት መጠቅለያዎቹን ሁሉ አስቀምጣቸዋለች።

ከዚያ የጥሎሹ ቀን መጣ። የሙጅተባ ዘመዶች ሻንጣ ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ግቢውን ሞሉት። ሩፈይዳ ፊት ፊት የሚመጡትን አማቷን፣ ሐጃ በቱልን፣ ልትስም ጎንበስ አለች። ሐጃ በቱል እንደተነደፈ ሰው ወደኋላ አፈገፈጉ።

«ይሄ ምንድን ነው? የተምር አረቄ ነው!»

ዘፈኑ ቆመ።

«እኔ አረቄ...»

«ዝም በይ! አርባ ሰው ፊት አፍሽ ራሱ ይመሰክራል። ሙጅተባ! ና እዚህ!» በር ላይ ከወንዶቹ ጋር የቆመው ልጃቸው ገባ። «ይህቺ ልጅ ትሸታለች አትሸትም? አንተ ታውቃለህ፣ ተናገር!»

ሩፈይዳ አየችው። አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው። ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ብቻ ከእሱ አፍ የሚወጣ አንድ ቃል።

ሙጅተባ መሬት መሬቱን አየ።

ሻንጣዎቹ እንደመጡ ተመለሱ። በዚያው ቀን ማምሻውን ሩፈይዳ ራሷን ሳተች። ሆስፒታል የተቀበላት ሐኪም ፊቷ ላይ ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አንዴ አሸተተና «ስኳር ነው። የደም ስኳር ከልክ ሲያልፍ ትንፋሽ እንዲህ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። እንዴት እስካሁን አላመጣችኋትም?» ብሎ ቤተሰቡን ተቆጣ። ከሞት አፋፍ ነው የመለሷት። የሐኪሙ ቃል ግን ከሆስፒታሉ ግቢ አልወጣም፤ የሐጃ በቱል ቃል ከተማውን ዞረ። አንዲት እናት ልጇን ከሩፈይዳ ክፍል አስወጣች። ገበያ ስትሄድ ወጣቶች «መምህርት፣ ለእኛም ቅጂልን!» ይሏታል። ኢንሱሊኗን እየተወጋች፣ ጥርሷን ነክሳ ኖረች።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ እሺ አለች።

ሙሽራዋን የምታሰማምራት አክስቷ ሱኔና ናት። ሙሽራዋ ለምትታጠንበት ጢስ ጉድጓድ ስትቆፍርና የግራር እንጨት ስትከምር ሩፈይዳን ቀና ብላ አየቻት።

«እውነት ይቅር ብለሽዋል?»

«አላልኩትም።»

«ታዲያ ምን እየሠራን ነው?»

«ሠርጉ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ እናቱ ፊት፣ አልፈልገውም ብዬ እነሳለሁ። እሱም መሬት ያያል፤ እኔም እያየሁት እወጣለሁ።»

ሱኔና እንጨቱን እሳት ውስጥ ጨመረች።

«ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ! ለሠርጉ የገዛሁት ጫማ እግሬን ልጦኛል፤ እመልሰው ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልናገርም። ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ከበሮው እጄ ላይ እንዳለ ነው የቀረሁት። ነይ አሁን ተቀመጪ፤ ብዙ አትቆዪበትም፣ ብዙ ላብ አይሆንሽም።»

ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሙጅተባ ከጓደኞቹ ጋር ወንበር ጭኖ መጣ። ሩፈይዳ ከመጋረጃው ኋላ ሆና አየችው። ከስቷል። ወንበር ተሸክሞ በአጠገቧ ሲያልፍ ሽታው ደረሰባት፤ ኮምጣጣ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የእሱ ያልሆነ ሽታ። ልቧ በደስታ ዘለለ።

«ሙጅተባ፣ ትሸታለህ!» አለች ሁሉም እንዲሰማ።

ጓደኞቹ ወንበሩን እንደያዙ ደረቁ።

«ምን አልሽ?»

«ትሸታለህ። የፍየል ጉሮኖ ትሸታለህ።»

አንገቱ ድረስ ጠቆረ። ጓደኞቹ አንዱ ሰማይ፣ ሌላው መሬት አየ። ሩፈይዳ ያችን ቅጽበት እንደ ማር ላሰቻት። እንዲቆጣ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ደግሞ የምትመልሰው ተዘጋጅቷል።

«አመሰግናለሁ» አላት።

«ለምኑ?»

«ስለነገርሽኝ። ሁለት ፈረቃ ነው የምሠራው፣ እንቅልፍም የለኝም። ጣቢያው ውስጥ ሰዎች ከአጠገቤ ይሸሻሉ እንጂ አንድም ሰው አልነገረኝም።» ወንበሩን አስቀመጠ። ጓደኞቹ ቀስ እያሉ ራቁ። «እኔም አልነገርኩሽም፣ ሩፈይዳ። ከእናቴ ቀድሜ ሸቶኝ ነበር። አፍሬ... እንዳላስቀይምሽ ብዬ ማስቲካ ገዛሁልሽ።»

ሩፈይዳ መጋረጃውን ጨበጠች።

«ማስቲካው... ለዚያ ነበር?»

«ለዚያ ነበር።»

ያስቀመጠቻቸው መጠቅለያዎች ትዝ አሏት። እናቱስ ሳታውቅ ነው የፈረደችው። እሱ ግን እያወቀ ነው ዝም ያለው። እየሞተች ማስቲካ አጉርሷታል! ቂሟ እንደ አዲስ ነደደ።

«ሂድ ከፊቴ» አለችው። ሊሄድ ዞር ሲል ግን አፏ ሳያማክራት ተናገረ። «ተመርመር! ድካም ነው ብለህ አትተወው። እኔንም ድካም ነው ብለው ነው የገደሉኝ!»

ሙጅተባ ቆሞ አያት፤ ለረጅም ጊዜ። እሷ በራሷ ተናዳ መጋረጃውን ዘጋችው።

የሠርጉ ዕለት ግቢው በሴት ተሞላ። ሙሽሮቹ በቀይ ምንጣፍ በተሸፈነ አልጋ ላይ ተቀመጡ፤ በሙሽራው ግንባር ላይ የወርቅ ጨረቃ፣ እጃቸው ላይ ቀይ የሐር ክር። የወተቱ ሥርዓት ደረሰ። ሙሽሮቹ ወተት በአፋቸው ይይዛሉ፤ ቀድሞ በሌላው ፊት ላይ የረጨ የቤቱ አዛዥ ይሆናል። ጎድጓዳ ሳህኑን የያዙት ሐጃ በቱል ነበሩ፤ አዲስ ቢጫ ቶብ ከራስ እስከ እግር ተከናንበዋል።

ሩፈይዳ ጊዜው አሁን ነው አለች በልቧ። ሴቶቹን ሁሉ አየች፤ ያን ቀን የነበሩት ሁሉ አሉ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ሐጃ በቱል ሳህኑን ከንፈሯ ላይ ደፉት። አፏ በወተት ሞላ።

«ርጪው! ርጪው! እንዳይቀድምሽ!» ሴቶቹ ጮኹ።

ሙጅተባ ተጎንጭቶ ወደ እሷ ዞረ። ጉንጩ ተነፍቷል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ።

«ዋጠው!» አለች አንዷ። «ሙሽራው ዋጠው! አንተ ሞኝ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትታዘዝ ልትኖር ነው?»

ሳቅ ሆነ። ሙጅተባ እጁን አነሳ፤ ከበሮው ቆመ።

«ያን ቀን ጠይቃችሁኝ አልመለስኩም» አለ። «ዛሬ ልመልስ። ሩፈይዳ አረቄ ቀምሳ አታውቅም። ሽታው የስኳር በሽታ ነበር፤ ልመረመር ስሄድ ሐኪሙ ነገረኝ።»

«ሙጅተባ፣ ዝም በል!» አሉ ሐጃ በቱል። «ሰው ፊት!»

«የተበላሸው ሰው ፊት ነው፣ እማዬ። አንቺ ሳታውቂ ተናገርሽ። እኔ ሸቶኝ፣ አውቄ፣ ዝም አልኩ። ልትሞትብኝ ነበር። የሚታፈርበት ካለ እኔ ነኝ።»

አሁን መሬት የሚያዩት ሴቶቹ ናቸው። እሱ ቀና ብሎ ነው የሚያየው፤ እሷን።

ሩፈይዳ አፏ እንደሞላ ነው። ብትውጠው «አልፈልገውም» ማለት ትችላለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እሱን ስታየው ግን ያ ቃል ለሱ የሚገባው አልመሰላትም፤ በእናቱ ላይ ያላት ቂም ግን ገና አልቀነሰም። ዞረች። ወተቱን በሙሉ ሐጃ በቱል ፊት ላይ ረጨችው።

ወተቱ ከሐጃ በቱል ቅንድብ በአፍንጫቸው ወርዶ ቢጫው ቶብ ላይ ተንጠባጠበ። ሱኔና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሮጊቷ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ከንፈራቸውን ላሱ። ከዚያ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ሱኔና! ይሄ ወተት ስኳር አለበት!»

«ሐጃ፣ ኩሽና ያሉት ልጆች ናቸው... ለሠርግ ይጣፍጥ ብለው...»

«ይጣፍጥ? ልጅቷ ስኳር እንዳለባት አታውቁም? ልትገድሏት ነው? ሰው እንዴት በሽተኛ አፍ ውስጥ ስኳር ያፈሳል! በሽተኛ ናት እኮ! በሽተኛ እንጂ ጠጪ...»

ንግግራቸውን አቋረጡ። ያላለቀው ቃል አየሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሴቶቹ ሁሉ ሰሙት። ሐጃ በቱልም ራሳቸው ሰሙት።

ውሃ የያዘ ብርጭቆ ከሰው እጅ ነጥቀው ወደ ሩፈይዳ ዘረጉ። «ተጉመጥመጪ» አሉ ቀስ ብለው። «ተጉመጥመጪ፣ ልጄ።»

ሩፈይዳ ብርጭቆውን ተቀበለች። ይቅር አላለቻቸውም። ምናልባት አንድ ቀን ትል ይሆናል፤ ዛሬ ግን አይደለም። ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ አፏን ጠረገች። ከአልጋው ግን አልተነሳችም።

ወደ ሙጅተባ ዞረች። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ እንዳልወሰነ ሰው ተቀምጧል።

«ስኳር የሌለው ወተት አምጡልኝ» አለች። «እሱን ገና አልረጨሁትም።»