ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር

«ሩባ፣ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር የታለ?»

ሩባ ደብተሯን በክንዷ ለመሸፈን ሞከረች፤ ቲቸር ሐናዲ ግን ቀድመው አይተውታል። ቲቸር ሐናዲ በየሳምንቱ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ይሰጣሉ። ተማሪ ሁሉ በግሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሠርቶ ይመጣል፤ ሦስቱም ከራሱ ኑሮ የመጡ፣ እውነትም መሆን አለባቸው። የዚህ ሳምንቱ «ኢንተራፕት» ነበር። ትርጉሙን ሰሌዳው ላይ ጽፈውታል፦ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መግባት፤ የተጀመረን ነገር መሃል ላይ ማስቆም።

«እስቲ ሁለቱን አንብቢ።»

ሩባ ተነሥታ አነበበች። «አያቴ ሰው ሁሉ ሲናገር ታቋርጣለች። እኔ ትልልቅ ሰዎች ሲናገሩ አላቋርጥም።»

ክፍሉ ሳቀ። በመንደሩ የሩባን አያት የማያውቅ የለም። «ወሬሽን በማር ልቁረጠውና» ብለው ከጀመሩ ማሩ ቶሎ አያልቅም።

ቲቸር ሐናዲ አልሳቁም። «ሃያ ስምንት ደብተር አየሁ። ሃያ ስምንታችሁም አላቋርጥም፣ አታቋርጥ፣ ነውር ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ግሱ ምን በደላችሁ? አንዲት ሴት ወሬ ይዛ ከኋላዋ ድስቱ ቢያርር፣ እስክትጨርስ ቁጭ ብላችሁ ልታዩ ነው?» ወደ ሩባ ዞሩ። «አንቺ ማቋረጥ የሚገባበትን ጊዜ ጻፊልኝ። ለነገ።»

ሩባ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ጊዜ ታውቃለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እነሱው ቤት ነው።

በእረፍት ሰዓት ጁማና እጇን ይዛ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ወሰደቻት። ጁማና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ጥፍሯን በልታ በልታ ጣቶቿ ቆስለዋል።

«ዛሬ ሽማግሌዎቹ ለእርቅ እናንተ ቤት ይመጣሉ» አለች። «አባትሽ ‹ቡናችሁን ጠጡ› ካለ አለቀ ደቀቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያነሣ የለም። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

«ሰብሪስ?»

«አገሩ ይገባል። አታካብጂ በናትሽ፤ ሞተ እንዴ?»

«ጁማና፣ የነዳሽው እኮ አንቺ ነሽ።»

«ቀስ በይ!» ጁማና ዙሪያውን ቃኘች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባቴ ይገድለኛል። ደግሞ አንቺስ? ጎኔ ተቀምጠሽ ‹ጨምሪበት፣ ጨምሪበት› ስትይ አልነበር? እኔ ካወራሁ አንቺም አትተርፊም።»

እውነቷን ነው። ባለፈው ሐሙስ የወይራው ለቀማ ላይ ጁማና የአባቷን ፒክአፕ ቁልፍ ይዛ መጣች፤ «አንድ ዙር ብቻ» አለች። ሩባም እየሳቀች ገባች። በዛፎቹ መሃል ሲበሩ «ጨምሪበት» ያለችው እሷው ናት። የሰባት ዓመቱ ወንድሟ ሰይፍ ጀርባውን ሰጥቶ መሬት የወደቀ ወይራ ይለቅም ነበር። መኪናው ሰይፍን ሲመታ የሰማችውን ድምፅ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳትሰማው አድራ አታውቅም። ሁለቱም ዘለው ወረዱ። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሮጦ የደረሰው የጁማና አባት ሠራተኛ ሰብሪ ነበር፤ ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ የሰይፍን እግር አሠረ፣ ተሸክሞት ወደ ክሊኒክ ከነፈ። ሲመለስ የጁማና አባት አቡ ነዋፍ ለሰው ሁሉ «ሰብሪ ነው የነዳው» ብሎ ጨርሶ ጠበቀው። የመኖሪያ ፈቃዱ በአቡ ነዋፍ እጅ ነው። ሰብሪ አፉን አልከፈተም።

ከቀትር በኋላው የዐስር ሶላት እንዳበቃ ጫማዎቹ በሳሎኑ በር ላይ ተደረደሩ። ካባ የደረቡ ዐሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሰብሪን ይዘውት መጥተዋል፤ ከጫማዎቹ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አቡ ነዋፍ መሃል ላይ ነው፤ መቁጠሪያውን ቶሎ ቶሎ ያዞራል።

ሩባ ከአያቷ ጋር ማድ ቤት ቆማ በበሩ ስንጥቅ ታያለች። እናቷ ውስጥ ክፍል ከሰይፍ ጋር ናት። ማድ ቤቱ ውስጥ በተወጠረው ገመድ ላይ የሰብሪ ሻርፕ ተሰቅሏል። እናቷ ደሙ እስኪለቅ ሦስት ጊዜ ያጠበችው የማን እንደሆነ ሳታውቅ ነው። ሩባ አወረደችውና እጇ ላይ ጠቀለለችው።

«ምን ሆነሻል?» አሉ አያቷ። «ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ምንም። እማማ… ሰው ስታቋርጪ አትፈሪም?»

አያቷ ሳቅ ሊሉ ፈልገው ተዉት። «አሁንማ ማንን እፈራለሁ? በአንቺ ዕድሜ ግን እፈራ ነበር። ስንት ነገር ዋጥኩ መሰለሽ። አሁን የምለፈልፈው ያንን ሁሉ ነው።»

ሳሎን ውስጥ ለሽማግሌዎቹ አለቃ ለሼኽ ሚፍሌሕ ቡና ተቀዳ። ሼኹ ሲኒውን ተቀበሉ፤ ሳይቀምሱ ፊታቸው አስቀመጡት።

«አቡ ሰይፍ» አሉ፤ «ልጅህ ልጃችን ነው። የመጣነው አንገታችንን ደፍተን ነው። የጠየቅንህን ሳትሰጠን ይህን ቡና አንጠጣም። አሳፍረህ አትመልሰን።»

የሩባ አባት በእጁ ወደ ውስጥ ክፍሉ አመለከተ። «ልጄ ባለፈው ሳምንት ይሮጥ ነበር። ዛሬ ሽንት ቤት የምወስደው ተሸክሜ ነው። ያ ሰው በዚህ መንደር ሲዞር እያየሁ እንዴት አድርጌ ቡና ላጠጣ?»

«አታየውም» አለ አቡ ነዋፍ ቸኩሎ። «ፈቃዱን ሰርዣለሁ። ነገ ጠዋት ይሄዳል፤ ሁለተኛ እዚህ አገር አይገባም።»

ሰብሪ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖሯል። ግማሹን የመንደሩን ወይራ የገረዘው እሱ ነው። ለሰይፍ ከቅርንጫፍ ፊሽካ የሠራለትም እሱ ነው። አሁን ግን ጫማዎቹን ይመለከታል፤ የራሱን ፈልጎ ያጣ ይመስላል።

ሩባ ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ከገባች አባቷ ምን ያደርጋል? በዐሥራ ሁለት ሽማግሌ ፊት ያዋረደችው ልጅ ትሆናለች። ሰይፍስ? «ጨምሪበት» ያለችው እህቱ መሆኗን ሲሰማ ምን ይላል? ጁማናንም ታጣለች፤ ለዘላለም። ነገ ብናገርስ ብላ አሰበች። ለእናቴ ብቻ፣ በጆሮዋ። ግን ነገ ቡናው ተጠጥቷል። አባቷ ቃል ሰጥቷል፤ የሰጠውን ቃል ደግሞ ለልጁም ቢሆን አያጥፍም። ሰብሪም አውቶብስ ላይ ነው።

አባቷ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ሩባ ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች፤ ነገር ሊቆርጥ ሲል የሚስበው ነው።

«ሼኽ ሚፍሌሕ፣ ለእናንተ ክብር ስል…» አለ። እጁን ወደ ሲኒው ዘረጋ። «እንግዲህ ቡናዎን…»

«አባ!»

በሩን መቼ እንደገፋችው አታውቅም። ዐሥራ ሁለት ፊት ወደ እሷ ዞረ። የአቡ ነዋፍ መቁጠሪያ ቀጥ አለ።

«ሩባ፣ ግቢ ወደ ውስጥ!» አለ አባቷ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

አልገባችም። ሌላ ቃል ስላልመጣላት የአያቷን ተበደረች።

«ንግግርህን በማር ላቋርጠው፣ አባ። መኪናውን የነዳው ሰብሪ አይደለም። እኔ ውስጥ ነበርኩ።»

«ልጅ ናት፣ ደንግጣለች!» አለ አቡ ነዋፍ ብድግ ብሎ። «የወንድሟን ነገር…»

ሼኽ ሚፍሌሕ እጃቸውን አነሡ፤ አቡ ነዋፍ ተቀመጠ። ሽማግሌው የልጅቷን ፊት አዩ፤ እጇ ላይ የተጠቀለለውን ሻርፕ አዩ፤ ከዚያ ሰብሪን አዩት። ሰብሪ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር። ሼኹ ሲኒውን በጣታቸው ገፋ አድርገው አራቁት።

«ቀጥይ ልጄ» አሉ። «እስክትጨርሺ ማንም አያቋርጥሽም።»

ሩባ ሻርፑን ጨበጠችና «ጨምሪበት» ካለችበት ጀመረች።