ያልላላው ማሰሪያ

መርሳ ውስጥ አጥንት የተሰበረበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው የወጌሻውን የአያ በላይን ስም ነበር። ከውርጌሳ በቃሬዛ፣ ከሐራ በአይሱዙ ጋቢና ያመጡላቸዋል። እርሳቸውም ዳስሰው፣ ስበው፣ በቀርከሃ ደግፈው ጥብቅ አድርገው ያስራሉ። ከአባታቸው የወረሱት ሕግ አንድ ነው፤ ማሰሪያ ከሰባት ቀን በፊት አይፈታም። ቀድሞ የፈታ ወጌሻ የገዛ እጁን አላመነም ይባላል። ባለቤታቸው አሰለፈችና አንድዬ ልጃቸው ፍፁም በዚህ ስም ኮርተው ይኖሩ ነበር። ምን ያደርጋል! ስም ብቻውን መቼ ሰው አድኖ ያውቃል?

አንድ ቀን ፌቨን የምትባል ሐኪም ከወልድያ መጣች። ጉዳትን ስለ መከላከልና ስለ ማገገም ጥናት ይዛ በየወጌሻው ቤት ትዞራለች። ካሰሩ በኋላ በማግስቱ የበሽተኛውን ጣት ያዩ እንደሆነ፣ ቀዝቅዞ ወይም ጠቁሮ ቢያገኙት ማሰሪያውን ያላሉ እንደሆነ፣ በመጨረሻም በማሰሪያቸው የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠየቀቻቸው። አያ በላይ ከት ብለው ሳቁ። እሷ ሳትወለድ ስንቱን በእግሩ እንዳቆሙ ነግረው፣ ውሃ እንኳ ቅመሽ ሳይሏት ሸኟት።

ወር አልሞላም። ፍፁም ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ክሪኩ ከዳውና ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ጓደኞቹ ሆስፒታል እንውሰደው ቢሉ አባትየው ተቆጡ። የወጌሻ ልጅ ሌላ ቤት ታከመ ቢባል አገሩ ምን ይላል? ልጅ ነውና፣ አንጀት ነውና፣ ከወትሮው አብልጠው አጥብቀው አሰሩት።

በማግስቱ ፍፁም መቀመጥም መቆምም አቃተው። ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ሲመላለስ ዋለ።

«አባዬ፣ ጣቶቼ አይሰሙኝም… ይፍቱልኝ።»

አሰለፈች እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች። የአያ በላይም ልብ ፈርቶ፣ እጃቸው እስከ ቋጠሮው ሄዶ ነበር። ወይ ነዶ! ደጅ ተራ የሚጠብቁ ሁለት በሽተኞች ሲያዩአቸው እጃቸውን መለሱ። ሕመሙ የመዳን ነው፣ ቻለው አሉት።

በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። ያኔ ወልድያ ሆስፒታል ሲያደርሱት ሐኪሞቹ ክንዱን ከክርኑ በታች ከመቁረጥ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብቻ ሕመሙን የሚለየው ያ ባለሙያ፣ ቀኝ እጁን ሆስፒታል ትቶ ወጣ። አባቱን ቀና ብሎ ሳያይ ሐራ አክስቱ ዘንድ ገባ። እናትየው እህል አልወርድ ብሏት አልጋ ያዘች።

አያ በላይ ከዚያ ወዲህ ቤት አላስቀምጥ አላቸው። በሽተኛ ሲመጣ ይመልሳሉ፤ መናኸሪያ ወርደው ከሐራ የመጣውን መኪና ሁሉ እየዞሩ ያያሉ፤ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይወርዳሉ። አንድ ጧት ግን ወልድያ ሄደው ፌቨንን ፈለጉና ያንን የመጨረሻ ጥያቄዋን እንድትደግምላቸው ለመኗት።

«በእርስዎ ማሰሪያ የተጎዳ ሰው አለ?»

«አለ። ልጄ ነው። ጻፊ።»

«የተጎጂ ስም አንጽፍም፣ አባቴ።»

«የእርሱን ተዪው። የእኔን ጻፊ!»

ፌቨን የመርሳንና የአካባቢዋን ወጌሾች ለማስተማር ስትሰበስብ አያ በላይን እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው። የማስተማሪያውን ጨርቅ ይዘው ቆሙ፤ የደረሰውን ሁሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። እንዴት እንደሚታሰር አሳዩን ሲሏቸው ግን ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

እናቱ መልእክት የላከችበት ፍፁም ከሰዉ ኋላ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። መጥቶ ጨርቁን አነሳና የቀረችውን ግራ እጁን ዘረጋላቸው።

«በዚህችኛዋ ያሳዩአቸው፣ አባዬ። ላላ አድርገው።»

አያ በላይ እያለቀሱ አሰሩ። ጣታቸውን በጨርቁ ሥር አሳልፈው መላላቱን ለኩ፤ የልጃቸውን ጥፍር አንድ በአንድ ጫን እያሉ ደም ሲመለስ አዩ። ከዚያ እነዚያን አምስት ጣቶች ስመው ስመው አልጠግብ አሉ።

ሰው መከራ ሲደርስበት ዕጣዬ ነው ይላል። አዎ፣ ክሪኩን ያንሸራተተው ዕጣ ይሆናል። ቋጠሮው ግን በአባት እጅ ነበር… አያ በላይም እስኪሞቱ ድረስ ይህን ለማንም አልካዱም።