የመጨረሻ ተረኞች

ሴትዮዋ በተሰፋች በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ሞተች። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም። ከጤና ቢሮ የተላከች፣ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ያገለገለች ሴት ናት፤ የተበላሸ ቁስል ከበር ላይ ይሸታታል። አንሶላውን ገልጣ ስፌቱን አየች። ከእምብርት በታች አብጦ መግል ቋጥሯል። በወሩ በዚህ ሆስፒታል ማሕፀናቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከሞቱት ይህች ሦስተኛዋ ናት።

«እጄ ላይ ሞተች፤ እጄ ግን አልገደላትም» አላት ቀዶ ሐኪሙ።

«ማን ምን አለዎት፣ ዶክተር?»

«አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። በዓይናቸው ጨረሱኝ እንጂ።»

የመሣሪያ መቀቀያ ክፍሉ ሠራተኛም ሳይጠየቅ ማለ። «እኔ ማሽኔን እንደ ልጄ ነው የምጠብቀው!»

መርማሪዋ የወሩን አሥራ ሁለት ፋይሎች አገላበጠች። በቀን ሦስት ሴት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቷል። የሁሉም ሐኪም አንድ፣ ማሽኑም አንድ። ቀድመው የገቡት ሁሉ ድነው ወጥተዋል። የሞቱት ሦስቱም የየዕለቱ የመጨረሻ ተረኞች ናቸው።

ባልየውን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው፤ የሚስቱን ነጠላ ጫማ ታቅፏል።

«ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። የዚያን ቀን ምን አለችህ?»

«ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደወለች። ‹መርፌ ወጉኝ፣ ሊያስገቡኝ ነው፤ ልጆቹን ቁርስ አብላ› አለችኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ስመጣ አልጋዋ ላይ ናት። ‹ረሱኝ መሰለኝ› ብላ ሳቀችብኝ።»

መርማሪዋ ፋይሉን ደግማ ከፈተች። «የኢንፌክሽን መከላከያ መርፌ፦ ከቀዶ ሕክምናው ሃያ ደቂቃ በፊት» ይላል። የሁሉም ሃያ ደቂቃ ነው። አሥራ ዘጠኝ የለ፣ ሃያ አንድ የለ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን፣ የመቀቀያ ክፍሉን ሠራተኛ፣ ማደንዘዣ ሰጪውን፣ የክፍሉን ነርስና የሆስፒታሉን ዳይሬክተር ነርሶች ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባልየው በሩ ጋ ቆመ።

«መሣሪያው ተበክሎ ቢሆን ቀድመው የገቡትም በታመሙ ነበር» አለች መርማሪዋ። «የሐኪሙ እጅም ቢሆን እንደዚያው። የመጨረሻዎቹን የለያቸው መጠበቃቸው ነው። ይህ መርፌ ቢላ ከመነሣቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚሰጠው። እሷ በጠዋት ተወግታ ከስምንት ሰዓት በኋላ ተቀደደች፤ ያኔ የመርፌው ኃይል አልቋል። ዘበኛው ከሄደ በኋላ የተከፈተ ቤት ማለት ነው።» ወደ ማደንዘዣ ሰጪው ዞረች። «ሃያ ደቂቃውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

ሰውየው ፋይሉን ወደ ራሱ ሳበ። «መድኃኒቱ እኛ ጋ አይመጣም። ነርሶቹ አልጋቸው ላይ ይወጋሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቅጹ ባዶ ከሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እውነቱን ብትጽፍ ኖሮ፣ የመጀመሪያዋ እንደሞተች ምክንያቱ ይታወቅ ነበር። የቀሩት ሁለቱ በብዕርህ ሞቱ።»

የክፍሉ ነርስ ማልቀስ ጀመረች። «ለስድሳ አልጋ ሁለት ነን። ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረችው ሳትወጣ ለሁሉም ወግታ ትሄዳለች። እንደማይሆን አምና ተናግረናል።»

«ለማን?»

ነርሷ ዳይሬክተሩን አየች። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን አየ።

«ትእዛዙ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰው አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።»

«እኔ ደግሞ ‹ተወግታለች?› አልኩ እንጂ ‹መቼ?› አላልኩም» አለ ሐኪሙ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ባልየው ሁሉንም በየተራ አያቸው። «አንድ ሰው ቢሆን እኮ እጠላው ነበር» አለና ወጣ። መርማሪዋ ልትከተለው ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች።

ሪፖርቷን ሳትቀባባ ጻፈች። ማደንዘዣ ሰጪው ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወረ። በወሩ ከጤና ቢሮው መልስ መጣ፤ አዲስ ቅጽ፣ አንድ የፊርማ ቦታ ተጨምሮበት። ነርሶቹ ያው ሁለት ናቸው። ቅጹ በደረሰበት ዕለት ሦስት ሴቶች ተራ ይዘው ነበር፤ ሦስቱም በማለዳ ተወግተዋል።