ዝገቱን የፋቅኩ ዕለት

መጀመሪያ የነገረችኝ ቃል «አፍህን ዝጋ!» የሚል ነው።

እውነቴን ነው የምላችሁ። ሌላው ሰው የፍቅሩን ታሪክ ሲያወራ ከፈገግታ ይጀምራል፤ የእኔ ግን ከዚህ ጀመረ። እሑድ ጠዋት ነው፤ በጥንት ጎራዴ ሠሪዎቿ በምትታወቀው ኦሳፉኔ መንደር፣ ሽማግሌው ቶኩጂ ቤት። ስለ ጎራዴ ልንማር የመጣን ስምንት ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን፣ ከሰገባው የወጣ አንድ ጎራዴ በየተራ እናያለን። ተራዬ ደርሶ ብረቱን ወደ አምፖሉ ቀና ሳደርገው፣ በስለቱ ጠርዝ ላይ ጉም የመሰለ ነጭ መስመር አየሁ።

«እንዴት ያምራል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«አፍህን ዝጋ!» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ። ወዲያው ራሷ ደነገጠች። «ይቅርታ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምራቅ ከነካው ይበላሻል። ጎራዴ ከሰገባው ሲወጣ አይወራም።»

ኮቶኔ ትባላለች። የቶኩጂ የልጅ ልጅ ናት፤ ከአያቷ ጋር ከእንጨት የጎራዴ ሰገባ ትሠራለች። እኔ ሪኪያ ነኝ፣ ኦካያማ ከተማ የትራም ሾፌር። ስለ ጎራዴ አንዲት ነገር አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሸሽቼ ሙዚየም ገባሁና አንዱ ጎራዴ ፊት እንደቆምኩ የምሳ ሰዓቴ አለቀ። በቃ፣ ልክፍት ሆነብኝ። ሰው ስጠያይቅ ወደ ቶኩጂ ላኩኝ።

በዚያው እሑድ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። «መምህር፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ጎራዴ አይቻለሁ። ልግዛው?»

«አንተ የትራም ሾፌር» አሉኝ፣ «ትራም የነዳኸው መጀመሪያ ገዝተህ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አንድ ዓመት ምንም አትገዛም። መጽሐፍ ግዛ፣ አንብብ። ጥሩ ጥሩውን ብቻ እያየህ ዓይንህን አሠልጥን።»

መጽሐፎቹን ገዛሁ። ማንበቡ ላይ ግን... እሑድ እሷን ሳይ፣ ሰኞ እሷን ሳስብ፣ ሳምንቱ ያልቃል። የቤት ሥራዬ ያንን ነጭ መስመር በእርሳስ መሳል ነበር። ኮቶኔ ወረቀቴን እያየች ታሾፍብኛለች።

«ይሄ ምንድነው? ትራምህ የሚሄድበት ሐዲድ?»

«ቀጥ ብሎብኝ ነው...»

«እጅህን አላላው። አንተ ስትስል ትንፋሽህን ትይዛለህ።»

ከሦስተኛው እሑድ በኋላ «እርስዎ» ቀረ። ጎራዴ ስታቀብለኝ ሕጉ አንድ ነው፤ ተቀባዩ በደንብ መያዙን ራሱን ነቅንቆ እስኪያሳውቅ ድረስ አቀባዩ አይለቅም። እሷ ካልነቀነቅኩ አትለቅም። እኔ ደግሞ ለመነቅነቅ አልቸኩልም! እጆቻችን አንድ እጀታ ላይ እንዳሉ እንተያያለን። ጎራዴ በእጅ እያለ አይወራምና፣ ልባችን ውስጥ ያለውን ሁሉ ያወራነው በዚያች ጥቂት ሰከንድ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ለጀማሪ አንድ ጎራዴ ለሳምንት ቤቱ ወስዶ የሚንከባከብበት ጊዜ ደረሰ። አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለው ነው የሚሰጠው። ሽማግሌው በዚያን ቀን አልነበሩም፤ ኮቶኔ አንድ አጭር ጎራዴ በጨርቅ ጠቅልላ ከነምዝገባ ወረቀቱ ሰጠችኝ።

«ይሄ የመምህር የራሳቸው አይደለም እንዴ?»

«ነው። አባባ አያውቁም። ለሌላ ሰው አልሰጠውም ነበር...» አለችና ዓይኗን መለሰች።

ጎራዴው ላይ የሠራው ሰው ስም የለበትም። ቶኩጂ ግን ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ከገዛ ቅድመ አያቶቻቸው አንዱ በዚሁ መንደር እንደሠራው ያምናሉ። ዘመዶቻቸው ይስቁባቸዋል። ጥቅምት ላይ ቶኪዮ ላሉት የጎራዴ መርማሪዎች ልከው የማረጋገጫ ወረቀት ሊያወጡለት ነው። «ያንን ወረቀት ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር።

ቤቴ ወስጄ ስለቱን ቅርንፉድ በሚሸት ዘይት ጠረግኩ። ከዚያ ማያዣውን ነቅዬ እጀታውን አወጣሁት። እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ግርጌ በጥቁር ዝገት ተሸፍኗል። ኮቶኔ አሳዘነችኝ! ይህን ያህል የምትወደውን ነገር ዝገት ሲበላባት! ትራም ቤት ዝገት ጠላታችን ነው። ብርጭቆ ወረቀት አመጣሁና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፋቅኩት፣ እንደ አዲስ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ስፍቅ የዋልኩት ደስ የሚል ዘፈን እያንጎራጎርኩ ነበር።

እሑድ ማንም ሳይመጣ ቀድሜ ደረስኩ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ... አሁን ግለጪ!»

ገለጠች። ፊቷ ነጣ።

«ምን... ምን አደረግከው?»

«አጸዳሁልሽ።»

«ሪኪያ! ስም የለውም እኮ! ዕድሜውን የሚናገርለት ይሄ ዝገት ብቻ ነበር! ስለቱ ይታደሳል፤ ግርጌው ግን አይነካም፣ ሕፃን እንኳ ያውቃል... ስድስት መቶ ዓመት...» እንባዋ ወረደ።

ከውስጥ ክፍል የሽማግሌው ሳል ተሰማ። ኮቶኔ ጎራዴውን ከእጄ ነጠቀችኝና ወደ በሩ ገፋችኝ።

«ሂድ! አሁኑኑ ሂድ! ሁለተኛ እንዳትመጣ!»

ሄድኩ። አትምጣ የተባለ ሰው እንዴት ይመጣል? ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ እቀደዋለሁ። ስልክ ቁጥሯን አወጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። የተላጠ እንጨት የሚሸት ሰው ትራሜ ላይ ሲሳፈር ልቤ ቀጥ ይላል። በዓይኗ እንኳ ልታየኝ አትፈልግም ብዬ፣ በገዛ ናፍቆቴ ስቃጠል አሥራ አራት ወር አለፈ።

አንድ ቀን የእሑዱ ጓደኛችን ፖስተኛው ያሳኩ ትራሜ ላይ ወጣ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ጠጋ አለኝ።

«የት ጠፋህ አንተ? ለነገሩ የእሑዱ ትምህርትም ከቀረ ዓመት አለፈው።»

«ለምን ቀረ?»

«አልሰማህም? ኮቶኔ የሽማግሌውን ጎራዴ ግርጌ ፍቃ አበላሸችው። እኔ ነኝ ብላ ራሷ አመነች። አባረሯት። አሁን ሴኪ ከተማ ሌላ ሰገባ ሠሪ ቤት ነው የምትሠራው።»

 በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ቶኩጂ በር ላይ ቆምኩ። ብቻቸውን እንጨት ይልጣሉ። ግንባሬን መሬት አስነካሁ።

«መምህር፣ የፋቅኩት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም።»

መላጫቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?!»

«የሰባት ዓመት ልጅ ሆና እርጥብ ጣቷን ልታሳርፍበት ስትል እጇን መትቻታለሁ። እሷ ናት ይህን የምታደርገው? ማን እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት፤ እኔ ነኝ አለች። ስሙን እስክትነግሪኝ መላጫዬን አትነኪም አልኳት። ሻንጣዋን አዘጋጀች።» ቀና ብለው አዩኝ። «አሥራ አራት ወር ይሄ በር ሲንኳኳ አንተ ነህ እያልኩ ነበር።»

«ወረቀቱስ?»

«ዕድሜው አይታወቅም ብለው መለሱት። ያስ ይሁን፣ ብረት ነው። የልጅ ልጄን ግን በሕይወት እያለች አሳጣኸኝ።» መላጫቸውን አስቀመጡ። «ይቅር አልልህም። አድራሻዋን ግን እሰጥሃለሁ።»

በዚያው ሳምንት፣ መስከረም ሃያ ቀን፣ ከአገራችን ወይን አንድ ዘለላ አስጠቅልዬ ሴኪ ደረስኩ። ከሥራ ቤቱ ወጣች። ከስታለች። ፀጉሯ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ፤ ላነሳላት እጄን ዘርግቼ መለስኩት።

«ለመምህር እውነቱን ነገርኳቸው» አልኩ። «ይቅር በይኝ።»

«ዝገቱን በዚያው ቀን ይቅር ብዬሃለሁ። ሳላስተምርህ የሰጠሁህ እኔው ነኝ። ያልቻልኩት አለመምጣትህን ነው!»

«አትምጣ ብለሽኝ እኮ...»

«አመንከኝ?! ለዚያች ቀን ነበር እኮ! አባባ ሲናደዱ እንዳያዋርዱህ ብዬ! በማግስቱ ደጅ ስጠብቅ ዋልኩ። ሻንጣዬን ይዤ ጣቢያ ስቆም እንኳ፣ ምናልባት ይመጣል ብዬ ሁለት ባቡር አሳለፍኩ...»

«እወድሻለሁ» አልኩ።

ፍቅፋቂውን ከፀጉሯ ራሷ አነሳች። «አሥራ አራት ወር ጠበቅኩህ። አንተም አሥራ አራት ወር ጠብቅ። ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም። የሚመጣው ዓመት ኅዳር ሃያ፣ ይሄ ቃልህ ካልተለወጠ ና። ከተለወጠ ቅር።»

ወይኑን ተቀብላኝ ገባች።

ቶኩጂ የእሑዱን ትምህርት እንደገና ጀመሩ። «ስለ እሷ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ከበሩ ውጪ ነህ» አሉኝ። ፍቅፋቂ ጠረግኩ። መጽሐፎቹን በመጨረሻ አነበብኩ። አንድ ቀን ያንን አጭር ጎራዴ አምጥተው እርቃኑን ግርጌውን በባዶ እጄ አስያዙኝ።

«በእጅ ሲያዝ ነው ቀለሙ የሚመለሰው። ሦስት መቶ ዓመት ይፈልጋል።»

«እኔ አልደርስበትም መምህር።»

«ማን ይደርስበታል? ጀምረው።»

ቀን እየቆጠርኩ ክረምቱ፣ ጸደዩ፣ በጋው አለፈ። ትራሙን በነዳሁ ቁጥር መንገዱ ወደ ሴኪ በሆነ እላለሁ። ኅዳር አሥራ ስምንት ጠዋት ግን አልቻልኩም። ለአለቃዬ ደውዬ አሞኛል አልኩ፤ እውነትም አሞኝ ነበር። ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በሩጫ።

ኮቶኔ ደጃፉን እየጠረገች ነበር። አየችኝና ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች።

«ሁለት ቀን ይቀራል!»

«አውቃለሁ።»

«ሕግ አፈረስክ! ተመለስ!»

«አልመለስም። ያኔ አትምጣ ስትዪኝ ቀረሁ። አሁን ተመለስ ብትዪኝም አልመለስም። ሁለቱን ቀን እዚሁ እቆማለሁ፣ ብትጠርጊኝም!»

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። እያለቀሰች ሳቀች። «እንዲህ ነበር የምፈልግህ...» አለችና ደረቴ ላይ ወደቀች። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ሚያዝያ ላይ ኦሳፉኔ ተጋባን። በሠርጉ ቀን ቶኩጂ ጠጋ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«ሁለት ቀን ብቻ ነው ቀድመህ የሄድከው?»

«አዎ መምህር።»

«ጅል። እኔ ብሆን ሂድ ባለችኝ ማግስት ነበር የምመለሰው።»

ወደ ኮቶኔ ዞርኩ። «እውነት በማግስቱ ብመጣ ትቀበዪኝ ነበር?»

«ደጅ ስጠብቅ የዋልኩት ማንን መሰለህ?» አለች። እጄንም ያዘችው።