የፀጋው ሁለት ኮምፒውተሮች

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኢንስፔክተር ካሳነሽ ከደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ ወዳለ ጌም ቤት ተጠራች። ቀኑን ሙሉ ደረስጌ የወሰን ክርክር ስትመረምር ውላ ገና ከመኪና መውረዷ ነበር።

የጌም ቤቱ ባለቤት ፀጋው ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ዕድሜው ሃያ አራት ነው። ቀኝ እጁ አጠገቡ ባለ፣ ክዳኑ በተነሳ ዴስክቶፕ ውስጥ ገብቷል፤ ገመዱም ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ከራሱ ሥር የረጋ ደም አለ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ላፕቶፕ እንደተከፈተ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ግን ጨልሟል። ከላይ አምፖሉ በርቷል።

«መብራት ሲመጣ ይዞት ነው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ሰዉም ይህንኑ ነው የሚለው።»

ካሳነሽ ተንበርክካ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አገላበጠች። የተቃጠለ ነገር አላየችም። ሐኪሙ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ከሞተ ሁለት ሰዓት አልፎታል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘጠኝ ተኩል ገደማ ነው። የተመታው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።»

አስከሬኑን ያገኘችው ጎረቤቱ አልጣሽ ናት፤ ሻይ ቤት አላት። ከፀጋው ጋር ከተኳረፉ ሰንብተዋል፤ የጌሙ ጩኸት ደንበኛ ያባርርብኛል ትል ነበር።

«እትዬ አልጣሽ፣ በሕይወት ያዩት መቼ ነው?»

«ስምንት ተኩል ላይ። ሻይ አዞኝ ወሰድኩለት። ኩርፊያ አለ ብዬ ሻይ አልከለክልም። ያቺን አዲሷን ከፍቶ ኳስ መጫወት ጀምሮ ነበር። መብራት ጠፍቶ የኔ ቴሌቪዥን ዝም ሲል የሱ መጫወቱ ገርሞኝ ስጠይቀው፣ ‘ባትሪ ነው’ አለኝ።»

«መብራቱ የጠፋው መቼ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። የመጣው አሥራ አንድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ብርጭቆዬን ልወስድ ገባሁ፤ ወድቆ አገኘሁት።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም አለነ አርሶ አደር ነው። ከሰዓት በኋላውን ወፍጮ ቤት፣ መብራት ከሚጠብቅ ሰው ጋር ተሰልፎ ነበር። ባለወፍጮው አሻግሬም ይህንኑ መሰከረ።

«ዴስክቶፑን የገዛሁለት እኔ ነኝ» አለ አለነ። «ከባድ ዕቃ ያለው ሰው ቶሎ አይሰደድም ብዬ። ባለፈው ወር ግን ጎንደር ወርዶ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ሊሄድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ወዴት ሊሄድ?»

«አዲስ አበባ። የጌም ውድድር አለ ይላል። ነገ ጠዋት ነበር የሚሳፈረው። ተኳርፈን ነበር። ሳንታረቅ ቀረን።»

ሦስተኛው ሐብታሙ ነው፤ አብሮ አደጉና የጌም ቤቱ ሸሪክ። ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል።

«ለጌም ዴስክቶፕ ነው የሚሻለው እለው ነበር» አላት። «ብዙ ቢሠራ አይግልም፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ያው ተለይቶ ይቀየራል። እሱ ደግሞ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት አገር ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ምን ይሠራል ይለኛል። ስንከራከር ነው የከረምነው።»

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ዳባት። የአባቴን መድኃኒት ልገዛ። የገባሁት ከአሥራ አንድ በኋላ ነው። ፖሊስ በሩን ይዞ ስለነበር አላስገቡኝም።» አንገቱን ደፋ። «የጀመራትን ጨዋታ እንኳ አልጨረሳትም። ሁለት ለአንድ እየመራ ነበር።»

ካሳነሽ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው።

በማግስቱ ሦስቱን ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ፀጋውን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» አለች። «የሞተው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ደግሞ ከተማው መብራት አልነበረውም። ሰው ገፍቶት ነው የወደቀው፤ ያው ሰው ኤሌክትሪክ የያዘው እንዲመስል ገመዱን ሰክቶ የፀጋውን እጅ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባ። ይህን ያደረገው መብራት ያለ መስሎት ነው።»

ካሳነሽ ወደ አግዳሚው ጠጋ አለች።

«እትዬ አልጣሽ መብራት መጥፋቱን ያውቃሉ። አለነም ወፍጮ ቤት የተቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የማያውቅ ሰው ከከተማ ውጭ የመጣ ነው። ሲገባ ላፕቶፑ ሲበራ አየ፤ በባትሪ መሆኑን ልብ አላለም።»

«እኔ የመጣሁት አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ነው» አለ ሐብታሙ።

«ከዳባት ያመጣህን ሹፌር ትናንት ማታ አነጋግሬዋለሁ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ መናኸሪያ አውርዶሃል። ሌላም አለ። እትዬ አልጣሽ፣ አሥራ አንድ ላይ ሲገቡ ላፕቶፑ እንዴት ነበር?»

«ጨልሞ።»

«ባትሪው አልቆ ነበር። ቻርጅ አድርገን ስንከፍተው እንደ አዲስ ተነሳ፤ ጨዋታው ጠፍቷል። የፀጋውን ስልክም አይተናል፤ እትዬ አልጣሽ ከወጡ በኋላ ማንንም አላነጋገረም። ስለዚህ ሁለት ለአንድ መሆኑን ማወቅ የሚችለው ባትሪው ሳያልቅ እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው። አንተ ነህ የነገርከኝ፣ ሐብታሙ።»

ሐብታሙ መዳፎቹን አየ።

«ጨዋታውን አቁሞ የዴስክቶፑን አቧራ ይጠርግ ነበር» አለ። «ነገ እሄዳለሁ፣ ይኼን አጽድቼ ልተውልህ ነው አለኝ። አባቴ ዓይኑ አያይም። ከኔ ሌላ ሰው የለውም። እኔ የት እሄዳለሁ? እሱ ይስቃል። ‘ከባዱ ላንተ፣ ቀላሉ ለኔ’ አለኝ። ገፋሁት። ራሱ የጠረጴዛውን ብረት መታ።»

«ይተነፍስ ነበር?» አለ አለነ።

ሐብታሙ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። አለነ ወደ ካሳነሽ ዞረ።

«ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ኖሯል ይላል» አለችው።

ጤና ጣቢያው ከመናኸሪያው ማዶ ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ፀጋውን ማድረስ ይቻል ነበር። አለነ ተነሳ፤ ሐብታሙን የሚመታው መስሎት ፖሊሱ ጠጋ አለ። እሱ ግን ወንድሙ ወድቆበት የነበረውን ቦታ ዞሮ ወጣና በሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አልጣሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ጀመረች።

ሐብታሙን ከወሰዱት በኋላ ካሳነሽ ብቻዋን ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣች። ሽማግሌው አባቱ አባ ቢራራ ደጃፍ መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ሐብታሙ?»

«አይደለሁም አባቴ። ከፖሊስ ነው የመጣሁት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ።

«የፀጋው እናት ስትሞት ልጁን ያቀፍኩት እኔው ነበርኩ» አሉ። ከዚያም፣ «ስንት ዓመት ይፈረድበታል?»

«እሱን ዳኛው ነው የሚያውቀው። ብዙ ነው ግን።»

«እንግዲያ ሲፈታ በሕይወት አልደርስም» አሉና እንድትቀመጥ መደቡ ላይ ጥቂት ጠጋ አሉላት። ካሳነሽ ሥራ ነበራት፤ ግን ተቀመጠች።