በገንዳ የተፈተነው ካያክ

ጢሞቴዎስ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ጥፋት ከክፉ ሰው እጅ ብቻ የሚመጣ ይመስለናልና። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ በሚገኝ አንድ የዕርዳታ ድርጅት የግዥና የጭነት ኃላፊ ሆኖ ሰባት ዓመት ሠርቷል። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ወንበር የሚደረድረው እሱ ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው የኪራይ ቤት ሲቸግረው በማታቱ ሚኒባስ እስከ ካሳራኒ ሰፈር ድረስ አብሮ የሚንከራተተውም እሱ ነው። አንድ ልማድ ግን ነበረው። ዕቃ ሲመርጥ፣ በዕቃው የሚገለገለውን ሰው አይጠይቅም። «እነሱ ምን ያውቃሉ፤ እኛ እናውቅላቸዋለን» ይላል፣ ያለ አንዳች ተንኮል።

ድርጅቱ ቱርካና ሐይቅ ላይ አንድ የሞተር ጀልባ ነበረው። ጀልባው ነርሶችንና የክትባት ሣጥኖችን ይዞ በሐይቁ ዳር ወዳሉት መንደሮች ይመላለሳል። ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ግን እስከ መሬቱ ድረስ መጠጋት አይችልም። ነርሶቹ ሣጥኑን በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ አዞ ባለበት ውኃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው ይሻገራሉ። ስለዚህ አንድ ካያክ እንዲገዛ ተወሰነ። በመቅዘፊያ የሚነዳ፣ ተጣጥፎ ጀልባው ላይ የሚጫንና ሲፈለግ በአየር የሚነፋ ትንሽ ታንኳ ማለት ነው።

የጀልባው ነጂ ኤካይ እዚያው ሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነበር። ወሬውን እንደ ሰማ ናይሮቢ ደወለ።

«ብዋና ጢሞ፣ ካያኩን ከመግዛትህ በፊት ልንገርህ» አለው በስዋሂሊ። «ወለሉ ወፍራም ይሁን፤ እዚህ ያለው ሹል ድንጋይና እሾህ ነው። አየር የሚይዝበት ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ አይሁን። አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይዞን እንዲቆይ ሦስት ይሁን። ሰፋም ይበል፤ የጠዋቱ ነፋስ ጠባቡን ይገለብጠዋል።»

«ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም ኤካይ። እናየዋለን።»

«እናየዋለን አትበለኝ። ውኃው ላይ የምቀመጥበት እኔ ነኝ።»

ጢሞቴዎስ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋና አጠገቡ ላሉት «ጀልባ ነጂውም የግዥ ኮሚቴ ሆነልን!» ብሎ ሳቀ። እነሱም ሳቁ።

ሱቁ ሁለት ካያኮች አቀረበለት። አንደኛው ኤካይ ያለው ዓይነት ነው፤ ወፍራም፣ ሰፊ፣ ሦስት የአየር ክፍል ያለው፣ ክብደቱም ሃያ አራት ኪሎ። ሁለተኛው ቢጫ፣ ስስና ቀላል ነው፤ ተጣጥፎ እንደ ተማሪ ቦርሳ ይታዘላል። ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የምትነሣው ትንሽ አውሮፕላን ለአንድ ሰው ከዐሥራ አምስት ኪሎ በላይ ዕቃ አትጭንም። ስለዚህ ከባዱ በጭነት መኪና መሄድ ነበረበት፤ ዐሥር ቀን ይፈጃል። ለጋሾቹ ደግሞ ሐይቁን ሊጎበኙ የሚመጡት በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ነው።

«ወፍራሙን ውሰድ ጢሞ» አለችው ሠናይት። ሠናይት በጀልባው የምትሄድ ነርስ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም አንድ ነው። «እኔ እዚያ ነው የምውለው። ጫማ የሚበሳ ድንጋይ ነው ያለው። ዐሥር ቀን ብንታገሥ ምን እንሆናለን? እስከ ዛሬ በእግራችን ስንገባ አልነበር?»

«ሐሙስ ዕለት ጀልባው ላይ ካልታየ ለጋሾቹን ምን እንበላቸው?»

«መንገድ ላይ ነው እንበላቸዋ።»

የድርጅቱ ኃላፊ አቶ ዓምደሚካኤል ክርክሩን ሰምተው ከቢሯቸው ብቅ አሉ። «ልጆች፣ ውኃ ያው ውኃ ነው» አሉ። «ከጠረጠራችሁት ሞክሩትና ገላግሉን።»

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ጢሞቴዎስ ቢጫውን ካያክ በሚኖርበት ሕንፃ የመዋኛ ገንዳ ላይ ሞከረው። ሱሪውን ጠቅልሎ ተቀመጠበትና ሁለት ጊዜ ገንዳውን ዞረ። ጎረቤቶቹ ከበረንዳቸው ላይ አጨበጨቡለት።

«ይኸው! ሰመጠ?» አላት ሠናይትን።

«ገንዳ ውስጥ ምን ይሰምጣል?» አለች። በማግስቱ ግን ካያኩን በገዛ ጀርባዋ አዝላ ከዊልሰን ተነሣች።

ሐሙስ ማታ ፎቶው ደረሰ። ለጋሾቹ ቢጫውን ካያክ ከበው ፈገግ ብለዋል። አቶ ዓምደሚካኤል በስብሰባ ላይ ጢሞቴዎስን በስሙ ጠርተው አመሰገኑት።

ወር ሳይሞላ ኤካይ እንደገና ደወለ። ወለሉ ተጫጭሯል፤ በፀሐዩ ብዛት የጎኑ መገጣጠሚያ ሙጫውን እየለቀቀ ነው፤ ለጊዜው እሱው ለጣጥፎታል። ጢሞቴዎስ «ቀጣዩ ግዥ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት» አለው።

«በጥንቃቄ» ብሎ ኤካይ ቃሉን ደገመው። ከዚያም ተሰናበተ።

አደጋው የደረሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሠናይት፣ ሁለት ረዳቶችና ኤካይ ከአንድ መንደር ሲመለሱ፣ ባለቤት የሌለው የዓሣ መረብ በሞተሩ መዘውር ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ ጠፋ። ኤካይ መረቡን በቢላ ቢቆርጠውም ሞተሩ አልነሣም አለ። ስልክ አይሠራም። ነፋሱ እየበረታ ጀልባውን ወደ ሐይቁ መሐል ይገፋው ጀመር።

ኤካይ ካያኩን ነፋና ላይፍ ጃኬቱን አጥብቆ አሰረ። «ዳር ያሉትን ዓሣ አጥማጆች ልጥራ» አለ።

«በዚህ አትሂድ!» ሠናይት ክንዱን ያዘችው።

«ቁጭ ካልን ሁላችንንም ይወስደናል።»

ሩብ መንገድ ሳይቀዝፍ የካያኩ ግራ ጎን ተተረተረ። የአየር ክፍሉ አንድ ብቻ ስለነበር ሁሉም ባንድ አፍታ ተነፈሰ። ነፋሱ ኤካይን ይዞት ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ከማዕበሉ በላይ እጁ ይታይ ነበር፤ ከዚያ አልታየም። ዓሣ አጥማጆች የተቀደደውን ቢጫ ጎማ ከሩቅ አይተው መጡና ጀልባውን ጎትተው አወጡ። የኤካይን አስከሬን ያገኙት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ላይፍ ጃኬቱ እንደ ታሰረ ነበር።

ሠናይት ናይሮቢ እንደ ገባች ቤቷ እንኳ ሳትደርስ ቢሮ መጣች። የሆነውን ሁሉ ለጢሞቴዎስ ቆማ ነገረችው። በመጨረሻ «አንተን ብቻ አልወቅስም» አለች። «አዝዬ የወሰድኩለት እኔ ነኝ።»

ጢሞቴዎስ በዚያው ቀን ሪፖርት ጻፈ፦ «ካያኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ነጂው የሚያስፈልገውን ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።» አቶ ዓምደሚካኤል አንብበው ወረቀቱን ወደ እሱ መለሱት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ይህ ጽሑፍ ማንን ከሞት ያስነሣል? ፕሮጀክቱን ያዘጋብናል እንጂ።»

«እውነቱ ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

«እውነቱ ነፋስ ነው» አሉ። ሪፖርቱ «ድንገተኛ የአየር ጠባይ ለውጥ» በሚል ተተካ። ጢሞቴዎስ አልፈርምም አለ፤ ሌላ ሰው ፈረመበት። ፕሮጀክቱም ከመዘጋት አልተረፈም። የዚያ ዳርቻ ሕፃናት ክትባት ሳያገኙ ወራት አለፉ፤ ዛሬም ጀልባ አልመጣላቸውም።

የኤካይ እኅት አኪሩ ካሳራኒ ትኖራለች። ጢሞቴዎስ አፈላልጎ ሄደ። በር ላይ እንደ ቆመ፣ ወንድሟ የነገረውንና እሱ ያደረገውን ሳይሸሽግ ነገራት፤ ይቅርታም ለመናት።

«ይቅርታ ስትለኝ እኔ ምን ልበልህ?» አለችው አኪሩ። «ምንም አይደል ልበልህ? ብዙ ነገር ነው። የመጀመሪያ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ዓሣ ማጥመድ ጀምሯል። በዚያው ሐይቅ።» ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ዛሬ ጢሞቴዎስ አንዲት የውኃ ጄሪካን እንኳ ተሸካሚዋን ሳይጠይቅ አይገዛም። ባልደረቦቹ «ሥራ ያጓትታል» ብለው ያሙታል። እሱ ግን ልማዱ የተስተካከለው በሰው ነፍስ እንደ ሆነና የተከፈለችውም ነፍስ የእሱ እንዳልነበረች ያውቃል።

እኛስ? ቢሮ ተቀምጠን፣ ሩቅ ላለ ሰው ጫማውን፣ መድኃኒቱን፣ ታንኳውን ስንመርጥ ስንቶቻችን ነን ስልክ የምናነሣው? «ብንጠይቃቸው ኖሮ» ማለት ከቀብር በኋላ ቀላል ነው። ኤካይ ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ በራሱ ስልክ ደውሎ፣ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ነግሮን ነበር።